ሥዕል ወደ ክፈፉ የሚገባው መቼ ነው?

በክፈፍ ተከቦ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ያየ ሰው ከአፉ የሚቀድሙት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ስንት ቀን ፈጀ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ነጋዴዎች ይመልሱት። እኛ ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለ ሁለተኛው ነው። ጥያቄው ስለ ሥዕል ብቻ የቀረበ ይምሰል እንጂ፣ የሰውን ሥራ በምን ሚዛን መመዘን ይገባናል የሚል ትልቅ ነገር በውስጡ አዝሏል። ለመሆኑ ፈጥኖ የጨረሰ ሁሉ ትጉህ፣ የዘገየ ሁሉ ሰነፍ ነውን? ይህን ለመመርመር በዘመናችን ካሉት የእስፓኝ ሠዓሊዎች መካከል፣ በመዘግየታቸው የተመሰገኑትንም የተወቀሱትንም የአንድ ሰው ሥራ ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

ሠዓሊው አንቶኒዮ ሎፔዝ ጋርሲያ ይባላሉ። የተወለዱት በ1936 ዓ.ም. ላ ማንቻ በተባለው ሜዳማ አገር፣ ቶሜዮሶ በምትባል በወይን እርሻዋ በታወቀች ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) በተወለዱ በጥቂት ወራት ውስጥ አገራቸው እስከ 1939 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ገባች። የሥዕልን ሀሁ ያስቈጠሯቸው ሠዓሊ የነበሩት አጎታቸው አንቶኒዮ ሎፔዝ ቶሬስ ናቸው። በ1950 ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ማድሪድ በሚገኘው፣ ሳን ፈርናንዶ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው በ1955 ፈጸሙ። ከእርሳቸው ጋር ይማሩ የነበሩትን ሠዓሊ ማርያ ሞሬኖን በ1961 አገቡ፤ ሁለቱም ማርያ በ2020 እስካረፉ ድረስ አብረው ኖሩ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ወጣት ሠዓሊ ሁሉ የሚታየውን ነገር መሣል ትቶ ወደ ረቂቁ ሥዕል፣ ማለት ቅርፅና ቀለም ብቻ ወደሚናገርበት መንገድ ይሮጥ ነበር። እስፓኝም ውስጥ እነ አንቶኒ ታፒየስና እነ አንቶኒዮ ሳውራ በዚሁ መንገድ ስማቸው ገንኖ ነበር። ሎፔዝና ጥቂት ጓደኞቻቸው ግን በዓይን ከሚታየው ዓለም አንላቀቅም ብለው ቀሩ።

ከሥራዎቻቸው መካከል ለምሳሌ የመረጥነው «ግራን ቪያ» የተባለውን ነው። ግራን ቪያ ማለት ታላቅ ጎዳና ማለት ሲሆን፣ ይህ መንገድ ከ1910 ጀምሮ አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ በማድሪድ እምብርት ላይ የተቀደደ ነው። ሲኒማ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ መደብሩና ባንኩ በግራና በቀኙ ስለተደረደሩ ሰውና መኪና የማይለየው ጎዳና ነው። ሎፔዝ ግን ይህንኑ ጎዳና አንድም ሰው፣ አንድም መኪና ሳይኖርበት ሥለውታል። ሥዕሉ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ መጠኑ 90 በ93 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፊት ሰፊው አስፋልት ከነነጭ መሥመሮቹ ተዘርግቷል። ከዚያ ወዲያ ሕንፃዎቹ በሁለት ወገን እንደ ገደል ቆመዋል። በላያቸው ገና የነጋ ሰማይ ይታያል። በመንገዱ ያለው ሰዓት 6:30 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው።

ይህ ሥዕል የተጀመረው በ1974 ነው፤ የተፈጸመው በ1981 ነው። ሰባት ዓመት እንዴት ፈጀ? ምክንያቱን ለመረዳት የሠዓሊውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሎፔዝ በበጋ ወራት ጎሕ ሲቀድ የሥዕል ማቆሚያቸውን ይዘው እዚያው ጎዳና ላይ ይቆሙ ነበር። የፈለጉት ብርሃን በሕንፃዎቹ ላይ የሚቆየው ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከፍ ትላለች፤ ጥላው ይሸሻል፤ መኪናው ይመጣል። በዚያን ጊዜ ብሩሻቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። በማግሥቱ ሰማዩ ደመና ከሆነ ያ ቀን ባዶውን አለፈ ማለት ነው። በጋው ሲያልፍም ፀሐይ የምትወጣበት ሥፍራ ስለሚለወጥ ሥራው ለሚመጣው ዓመት ይቈያል። እንግዲህ ሰባት ዓመት ስንል፣ በየዓመቱ ከተገኙት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ በየቀኑ የተለቀመ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለታችን ነው።

ሠዓሊው በዚያች ግማሽ ሰዓት ላይ ዓይናቸውን ተክለው ሳሉ፣ በዙሪያቸው የነበረው አገር ግን ቆሞ አልጠበቃቸውም። ሥራው ሲጀመር እስፓኝን ይገዙ የነበሩት ጄኔራል ፍራንኮ ነበሩ። በኖቬምበር 1975 እርሳቸው ሞቱ፤ ሁዋን ካርሎስም ነገሡ። በ1977 ከአርባ ዓመት በላይ ሳይደረግ የቆየው ነፃ ምርጫ ተደረገ። በ1978 አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ። በፌብሩዋሪ 1981 ደግሞ መሣሪያ የያዙ የጦር ሰዎች ምክር ቤቱን በስብሰባ ላይ እንዳለ ወርረው መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ፤ ሙከራውም ከሸፈ። የጎዳናው ስም እንኳ በዚሁ መካከል ተለውጧል። ከጦርነቱ ማብቂያ ጀምሮ መንገዱ በመንግሥት መዝገብ የሚጠራው ፋላንጅ የተባለውን ፓርቲ በመሠረተው በሆሴ አንቶኒዮ ስም ነበር። ግራን ቪያ የሚለው ጥንታዊ ስሙ በይፋ የተመለሰለት በ1981፣ ሥዕሉ በተፈጸመበት በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ ሎፔዝ አንድ ሥዕል ሳይለቁ በአንድ ስም በሚጠራ ጎዳና ላይ ጀምረው በሌላ ስም በሚጠራ ጎዳና ላይ ጨረሱ።

በሥዕሉ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ ሁከት አንዱም አይታይም። ይህን አይቶ «ሠዓሊው ለአገሩ ጉዳይ ደንታ የለውም» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ብለን አንፈርድም። መንግሥት ሲለወጥ፣ ስም ሲፋቅና ሲጻፍ፣ የማለዳው ብርሃን ያንኑ ግድግዳ በዚያው ሰዓት እየመጣ ይነካ ነበር። ለዚህም ምስክር የሚሆን አንድ ሰው ማስፈለጉ አልቀረም። ጋዜጣ የቀኑን ወሬ ይጽፋል፤ የታሪክ ጸሐፊ የዘመኑን ይጽፋል፤ እንዲህ ያለው ሠዓሊ ደግሞ ከሁለቱም መዝገብ የሚያመልጠውን ይይዛል።

«ይህን ሁሉ ካሜራ በአንድ ቅጽበት ያነሣው የለምን?» የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የሎፔዝን ሥዕል በጋዜጣና በመጽሐፍ ላይ በትንሹ ታትሞ ያየ ሰው ፎቶግራፍ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ነገር ግን ካሜራ የሚያነሣው አንድን ማለዳ ነው። በዚያ ማለዳ ያለፈችውን ድመትም፣ የተጣለውን ወረቀትም ሳይመርጥ ይይዛል። ሰባት በጋ የተመላለሰ ሰው ግን ሳይወድ በግድ ይመርጣል፤ ትናንት የነበረው ዛሬ የለምና። አንዱ ማለዳ ጭጋግ ነው፤ አንዱ ጥርት ያለ ነው፤ አንዱ ቀን የቆመ መኪና አለ፤ በማግሥቱ የለም። በሥዕሉ ላይ የሚቀረው በየማለዳው የሚመለሰው ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት በዚያ ጎዳና ላይ ሰው የማይታየው ስለዚህ ነው። አላፊ አግዳሚ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን፣ ያለፈው መንገደኛ ሳይመለስ ስለቀረ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የአንድ ቀን መልክ ሳይሆን የብዙ ማለዳዎች ድምር ነው። ይህን ድምር የሚያነሣ ካሜራ የለም።

ለዚህ ዓይነት ሥራ የዘይት ቀለም የተመቸ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የዘይት ቀለም የሚባለው የተፈጨ ቀለም ብዙውን ጊዜ በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ነው። ተልባን ለምግብና ለመጠጥ የሚያውቅ ሁሉ ዘይቱ ይህን ማድረጉን ሲሰማ ሳይደነቅ አይቀርም። ይህ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ስስ ሆኖ የተቀባው በቀናት፣ ወፍራሙ ግን በብዙ ሳምንትና በወር ይደርቃል። በዚህም ምክንያት ሠዓሊው ትናንት የቀባውን ዛሬ ሊፍቀው፣ ሊያለሰልሰው፣ በላዩም ሌላ ሊደርብበት ይችላል። ማድሪድ በሚገኘው በፕራዶ ሙዚየም ውስጥ የታላቁን ሠዓሊ የቬላዝኬዝን «ንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ በፈረስ ላይ» የተባለውን ሥዕል ቀርቦ የተመለከተ ሰው፣ በፈረሱ እግሮች አጠገብ ቀድሞ ተሥለው በኋላ የተለወጡ እግሮች ከቀለሙ ሥር ብቅ ሲሉ ያያል። ስለዚህ ሐሳብን እያረሙ መሥራት ለእስፓኝ ሠዓሊዎች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። የሎፔዝ እንግዳነት ማረማቸው ሳይሆን የማረሚያ ጊዜያቸው መርዘሙ ነው።

ዳሩ ግን ትዕግሥት ሁልጊዜ ያሸንፋል ብለን አንባቢን ማታለል አንፈልግም። በ1990 ዓ.ም. መጸው ላይ ሎፔዝ በግቢያቸው ያለውን አንድ ዛፍ ለመሣል ተነሡ። ዛፉ በአገሩ ቋንቋ «መምብሪዮ» የሚባል፣ ፖም የሚመስል ቢጫ ፍሬ የሚያፈራ ነው። ይህን ሥራቸውን ቪክቶር ኤሪሴ የተባሉት የፊልም አዘጋጅ በየቀኑ እየተከታተሉ አነሡት። «የመምብሪዮ ፀሐይ» ልንለው የምንችለው ይህ ፊልም በ1992 በካን የፊልም በዓል ላይ የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። በፊልሙ ውስጥ ሠዓሊው እግራቸው ከቆመበት ሥፍራ እንዳይዛነፍ መሬት ላይ ምልክት ሲቸነክሩ፣ ከዛፉ ፊት ቱምቢ ሲሰቅሉ፣ በየፍሬውና በየቅጠሉ ላይ በነጭ ቀለም ጭረት ሲያደርጉ እናያለን። ጭረቱ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ፍሬው በበሰለ መጠን ቅርንጫፉ ዝቅ ስለሚል በየቀኑ ምን ያህል እንደወረደ ለመለካት ነው። ኋላ ዝናም መጣ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ብርሃኑ ግን ጠፋ። ሠዓሊውም የዘይት ቀለሙን ሥዕል ትተው በእርሳስ መንደፍ ጀመሩ። ፍሬው ግን አልጠበቃቸውም፤ ረግፎ መሬት ላይ በሰበሰ። ያ የቀለም ሥዕል ሳይፈጸም ቀረ።

ይህን ውድቀት የምንለው በምን ሚዛን ነው? በክፈፍ ሚዛን ከሆነ አዎን፣ ውድቀት ነው፤ የሚሰቀል ነገር አልተገኘምና። ሆኖም ሠዓሊው ያላዩትን ዛፍ እንዳዩ አስመስለው፣ የጠፋውን ብርሃን ከልብ ፈጥረው ሥዕሉን ጨረስሁ ለማለት ይችሉ ነበር። ማንም አይከሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ያልጨረሱትን አልጨረስሁም አሉ። እንዲህ ያለውን ሐቀኝነት እኛ ከብዙ ያለቀ ሥራ እናስበልጠዋለን።

አሁን ወደ ከባዱ ወቀሳ እንምጣ። በንጉሥ ሁዋን ካርሎስ ዘመን የቤተ መንግሥቱን ቅርስ የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንጉሡን ቤተ ሰብ እንዲሥሉ ሎፔዝን አዘዛቸው። ሥራው በ1994 ተጀመረ። ንጉሡ፣ ንግሥት ሶፊያ፣ አልጋ ወራሹ ፌሊፔና ሁለቱ ልዕልቶች ኤሌናና ክሪስቲና ቆመው የሚታዩበት፣ ቁመቱ 3 ሜትር ያህል፣ ስፋቱም ከዚያ የሚበልጥ ሥዕል ነው። ሎፔዝ አስረክበው ሥዕሉ በማድሪድ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ የታየው በ2014 መጨረሻ ነው። ሃያ ዓመት! በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስቱም ልጆች አግብተው ልጆች ወልደዋል። ኤሌና ከባለቤታቸው ተፋትተዋል። የክሪስቲና ባል በገንዘብ ማጉደል ክስ ተይዘው ነበር። ንጉሡም በጁን 2014 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀዋል። ሥዕሉ በተገለጠ ጊዜ የእስፓኝ ንጉሥ በሥዕሉ ውስጥ አልጋ ወራሽ ሆነው የሚታዩት ፌሊፔ ነበሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጎያ የንጉሥ ካርሎስ አራተኛን ቤተ ሰብ በ1800 ጀምሮ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ መፈጸሙን ያስታወሱ ሰዎች፣ «ይህኛው ምን ነካው?» ቢሉ አይደንቅም።

በእኛ አስተያየት ይህ ወቀሳ ግማሹ እውነት ነው። ሰው ለራሱ ብሎ የጀመረውን ሥራ እስከ ፈለገው ዘመን ቢያቈየው ባለቤቱ እርሱ ነው። ማለዳውም የራሱ፣ ድካሙም የራሱ ነው። ነገር ግን ከሌላ ሰው፣ ይልቁንም ከሕዝብ ገንዘብ ትእዛዝ የተቀበለ እንደሆነ፣ የሚጠፋው ጊዜ የእርሱ ብቻ አይደለም። የሚያስፈልገውን ጊዜ አስቀድሞ መናገር፣ ባይደርስለትም ማሳወቅ ይገባዋል። ያዘዘውም ወገን ቢሆን ዕዳ አለበት። አንድን ጎዳና ለመሣል ሰባት ዓመት የቆሙትን ሰው አውቆ የመረጠ፣ ፈጥኖ የሚሠራ ሰው የመረጠ ያህል ሊቈጣ አይችልም። ባለሙያ ስንቀጥር እጁን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ጭምር መቅጠራችን ነውና።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ሥዕል የተሠራው በፎቶግራፍ እየተረዱ ነው፤ ንጉሥና ንግሥት ሃያ ዓመት ይቅርና ሃያ ማለዳ ቆመው ሊጠብቁ አይችሉምና። ጎዳናው ግን ይጠብቅ ነበር። ከነገሩ ፊት ቆመው በሠሩት ጊዜ ሰባት ዓመት በቃቸው፤ ከነገሩ ርቀው በሠሩት ጊዜ ሃያ ዓመት ፈጀባቸው። ከዚህ የምንረዳው የሎፔዝ መዘግየት ኀይል የሚያገኘው በዓይን ከሚታይ ነገር ጋር ሲገናኝ መሆኑን ነው። «ሥዕሉ ዘግይቶ መምጣቱ በ1994 የነበረውን ደስተኛ ቤተ ሰብ ለታሪክ አቈየልን» የሚሉም አሉ። ሁዋን ካርሎስ በ2020 ከአገራቸው ወጥተው ወደ አቡ ዳቢ መሄዳቸውን ያሰበ ሰው ይህን ቃል ሳያመዛዝን አያልፈውም። ይህ ግን የዘመን ዕጣ ነው እንጂ የሠዓሊው ብልኃት ነው ብለን ልናመሰግናቸው አንችልም።

እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ክፈፍ ምንድን ነው? አራት የተገጣጠሙ እንጨቶች ናቸው፤ ጠርዙን ከጉዳት ይጠብቃሉ፤ ሥዕሉንም ከግድግዳው ይለያሉ። ከዚህም በቀር ክፈፍ የፍርድ ቃል ነው። «ከእንግዲህ የሚጨመር የለም፤ ፍረዱ» ማለት ነው። ያለ ጊዜው የገባ ክፈፍ ሐሰት ይናገራል። ለዘለዓለም ሳይገባ የሚቀርም ክፈፍ ፍርድን መፍራት ይሆናል። ሎፔዝ ሥዕል ፈጽሞ አያልቅም፤ ሠዓሊው ከችሎታው ዳርቻ ሲደርስ ይቆማል እንጂ፣ ብለው በየጊዜው ተናግረዋል። ቃሉ ትሕትና አለበት፤ ግን ትሕትናም ቢሆን ልክ አለው።

በ2008 ዓ.ም. «ማድሪድ ከቶሬስ ብላንካስ» የተባለው ከ1974 እስከ 1982 የሠሩት ሌላው ሥዕላቸው በለንደን በሐራጅ ከ1 ሚሊዮን 3 መቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ተሽጧል። ይህን የሰማ ወጣት «እኔም ስምንት ዓመት ብቆይ ሀብታም እሆናለሁ» ብሎ እንዳያስብ እንመክራለን። ዓመት ብቻውን ሥራን አያከብርም። ሰነፍ ሠዓሊ ስምንት ዓመት ቢያስቀምጠው ሥዕሉ አቧራ ይጠግባል እንጂ አይሻሻልም። ሚዛኑ ይህ ነው፤ ያ ቀን በሥራው ላይ የጨመረው ነገር አለን? ካለ፣ ሰባቱም ዓመት ትጋት ነው። ከሌለ፣ ሰባቱም ቀን ስንፍና ነው። በዚህ ሚዛን ፈጣኑም ዘገምተኛውም እኩል ይመዘናሉ፤ ማንም በፍጥነቱ አይመካም፤ ማንም በመዘግየቱ አይሸሸግም።

ይህን የምንጽፈው ከትምህርት ቤት ወጥተን ሥራ ከጀመርን ብዙ ያልቈየን፣ «ቶሎ አድርሱ» የሚለውን ቃል በየቀኑ የምንሰማ ወጣቶች ነን። ቶሎ መድረስ የሚገባው ሥራ መኖሩን አንክድም። ሕመምተኛ የሕክምና ቀጠሮ በሰዓቱ ይሻል፤ ጋዜጣም በማለዳው መውጣት አለበት። ግን ሥራ ሁሉ የዚህ ዓይነት አይደለም። የሚዘገየውን ሥራ ከሚፈጥነው ለይቶ ማወቅ ራሱ አንድ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ይህንንም የሚያስተምር ሰው እያነሰ መጥቷል።

በ2021 ዓ.ም. በጋ አንቶኒዮ ሎፔዝ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ፑዌርታ ዴል ሶል በተባለው የማድሪድ አደባባይ ሥዕል ማቆሚያቸውን ተክለው ሲሥሉ ታይተዋል። መንገደኛው ከበባቸው፤ አንዳንዱ ፎቶግራፍ አነሣቸው፤ እርሳቸው ግን ከአደባባዩ ዓይናቸውን አላነሡም። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ሲሠራ ፍጻሜውን አያለሁ ብሎ መተማመኛ የለውም። ቢሆንም ሠሩ። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ከእንግዲህ በክፈፍ ውስጥ ያለ ሥዕል ሲያጋጥምዎ ስንት ቀን ፈጀ ከማለትዎ በፊት ሠዓሊው ምን ያህል አየ ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከክፈፉ ዋጋ አያገኙትም፤ ከሥዕሉ ፊት ጥቂት ቆመው ካላዩት በቀር።